ከቤት ይዘናቸው የመጣናቸው ቃላት
(ለአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎች)

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ለባዮሎጂ ፈተና በሚገባ የተዘጋጀን መስሎን ነበር። አራት ሆነን በአንድ መኝታ ክፍል ስለምንኖር ማታ ማታ አንዳችን ደብተር ይዘን ስንጠይቅ ሌሎቻችን እየተቀባበልን እንመልሳለን። የሴልን ክፍሎች ስም፥ የማይቶሲስን ደረጃዎች፥ የካልቪንን ዑደት ከነመገጣጠሚያው፥ አንዲት ቃል ሳናዛንፍ በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት እንደግመው ነበር። በፈተናው ቀን ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት አጭር ጥያቄ ተጽፋ አገኘን። ጥያቄዋም «አንድ ባሕር ዛፍ ከችግኝነት ተነሥቶ ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ግንድ ሲሆን፥ ያ ሁሉ ክብደት የመጣው ከየት ነው?» የምትል ነበረች። አራታችንም ሳንመካከር አንድ መልስ ጻፍን፤ «ከአፈር» አልን። አራታችንም ዜሮ አገኘን።

ወረቀቱ ሲመለስልን መጀመሪያ የተቆጣነው በመምህሩ ላይ ነበር። «ይህ ከተማርነው ውጭ ነው» እያልን ማጉረምረም ጀመርን። ኋላ ግን ደብተራችንን ገልጠን ብናይ መልሱን በገዛ እጃችን ጽፈን፥ ከሥሩም በቀይ አስምረንበት አገኘነው። የካልቪን ዑደት የተባለው እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ተወስዶ ስኳር የሚሆንበት መንገድ ነው። መንገዱን ከነማዞሪያው በቃላችን ይዘን ወዴት እንደሚያደርስ አልጠየቅንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ደጋግመን ተነጋግረንበታል። ባዮሎጂን የሚያከብደው የባዕድ ስም ብዛት ነው ሲባል እንሰማለን። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለናል። «ሚቶኮንድሪያ» የሚለው ቃል ወደ እኛ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው፤ መምህሩ ያስቀመጠበትን ብቻ ይይዛል። የሚያሳስተን ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ቃል ነው። ምግብ፥ ትንፋሽ፥ ዘር፥ ደም፥ መላመድ፤ እነዚህ ቃላት ወደ ክፍል የሚገቡት ሞልተው ነው። መምህሩ አዲስ ትርጉም ሲጨምርባቸው ይፈስሳል እንጂ አይቀመጥም። ፈተና ሲደርስም ከሥር የቆየው የቤቱ ትርጉም ይወጣል።

መጀመሪያ «ምግብ» የሚለውን እንመልከት። ማዳበሪያ የእህል ምግብ ነው፥ ዛፍ በሥሩ ከመሬት ይመገባል ሲባል እየሰማን አድገናል። በባዮሎጂ ግን ምግብ የሚባለው ሕይወት ያለው ነገር ኃይል የሚያወጣበትና አካሉን የሚሠራበት፥ ካርቦን ያለበት ነገር ነው። ተክል ይህን የሚያገኘው ራሱ ሠርቶ ነው እንጂ ከአፈር ለቅሞ አይደለም። በማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለፕሮቲንና ለዲኤንኤ ሥራ የግድ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ የሚያገለግለው ጨው በወጥ ውስጥ እንደሚያገለግለው ነው። ያለ ጨው ወጥ አይበላም፤ ነገር ግን ጨው ብቻ በልቶ የጠገበ ሰው የለም።

በዚህ ነገር የተሳሳትነው እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ አጽናንቶናል። ዛሬ ቤልጅግ በሚባለው አገር የነበረ ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም 200 ፓውንድ የደረቀ አፈር መዝኖ በአንድ ትልቅ ገንቦ ውስጥ ካደረገ በኋላ፥ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ሙሉ ውኃ ብቻ አጠጣው። በመጨረሻ ዛፉን ነቅሎ ቢመዝነው 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ ያህል ሆነ። አፈሩን አድርቆ ቢመዝነው ግን የጎደለው ወደ 2 አውንስ ገደማ ብቻ ነበር። ይህ ጽሑፍ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ክብደቱ ከአፈር እንዳልመጣ በሚዛን ታወቀ ማለት ነው። እርሱ ግን «ያጠጣሁት ውኃ ነው እንጨት የሆነው» ብሎ ደመደመ። ግማሹን አግኝቶ ግማሹን ሳተ። የሚያስገርመው ደግሞ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው፥ ከሰል ሲነድ የሚወጣውንም ጋዝ ለይቶ የተመለከተው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። የአኻያውን ክብደት የሰጠው ያ በእጁ የነበረ ጋዝ እንደሆነ አልጠረጠረም።

የቀረው በሌሎች ተገኘ። ፕሪስትሊ በ1771 ሻማ ነድዶ ባበላሸው አየር ውስጥ የናና ዘለላ ቢያስቀምጥ ከቀናት በኋላ ሻማ እንደገና የሚነድበት ሆኖ አገኘው። ኢንገንሀውዝ በ1779 ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ መሆኑን አሳየ። ደ ሶሱር ደግሞ በ1804 ተክሉ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክቶ፥ የክብደቱ ጭማሪ ከእርሱና ከውኃ የመጣ መሆኑን በቁጥር አስረዳ። ዓመቶቹን ማንም በቃሉ እንዲያጠና አንመክርም። ግን በአምስት ደቂቃ ንግግር የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከ150 ዓመት በላይ የፈጀች መሆኗን ማወቅ፥ ባልገባን ጊዜ ራሳችንን እንዳንንቅ ይረዳናል።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን በልባችን የተከለው ግን ምድጃ ነው። ከመካከላችን የአንዱ እናት በማገዶ ነው የምታበስለው። «አንድ ሸክም ባሕር ዛፍ ነድዶ ሲያልቅ የሚቀረው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንድ እፍኝ አመድ! እሳት ማለት ዛፉ የሠራውን ወደ ኋላ መፍታት ነው። ከአየርና ከውኃ የመጣው ወደ አየር ይመለሳል፤ ከአፈር የመጣው ማዕድን መነሣት ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዛፉ ከመሬት የወሰደውን ለማየት የፈለገ ሰው አመዱን ይመልከት። ከደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ አመዱ ግን ከመቶ ጥቂት እጅ አይሞላም።

«አየር እንዴት ግንድ ይሆናል? አየር እኮ ክብደት የለውም» የሚል ቢኖር፥ ይህም ከቤት የመጣ ሐሳብ ነው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በእርግጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውስጡ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ዛፍ ቅጠሉን ያን ያህል አብዝቶና ዘርግቶ የሚኖረው ይህን ቀጭን ነገር ለመቃረም ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «መተንፈስ» ነው። በእንግሊዝኛው ትምህርት ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉ። አንደኛው ደረት አየር የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ሥራ ሲሆን፥ ሁለተኛው እያንዳንዱ ሴል ስኳርን በኦክሲጅን እየፈታ ኃይል የሚያወጣበት ሥራ ነው። በእኛ አነጋገር ሁለቱም መተንፈስ ይባላሉ። ስለዚህ «ተክል ይተነፍሳልን?» ተብለን ስንጠየቅ ሳንባ የሌለው ነገር ምን ብሎ ይተነፍሳል እያልን እናመነታለን፤ ወይም «ቀን ፎቶሲንተሲስ ያደርጋል፥ ማታ ይተነፍሳል» ብለን እንጽፋለን። ስሕተት ነው። ተክል ቀንም ማታም ይተነፍሳል፤ ቀን ግን የሚሠራው ስኳር ከሚያቃጥለው ስለሚበልጥ ትንፋሹ ተሸፍኖ አይታይም።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያሻም። ሁለት እፍኝ ባቄላ እኩል መዝኑ። አንዱን በደረቁ አስቀምጡ፤ ሌላውን ዘፍዝፋችሁ በጨለማ ውስጥ በቆልት አድርጉት። ከሳምንት በኋላ በቆልቱን በደንብ አድርቃችሁ ብትመዝኑት ከደረቁ ባቄላ ቀልሎ ታገኙታላችሁ። ቡቃያ አውጥቶ፥ ሥር ሰድዶ፥ «አድጎ» ሳለ ክብደቱ ቀነሰ። ብርሃን ስላልነበረው የሚያስገባው ካርቦን አልነበረም፤ ያለውን ግን እያቃጠለ ኖረ።

የእኛም አካል እንዲሁ ነው። ሁዳዴን ጾሞ የከሳ ሰው ስቡ ወዴት ሄደ ቢባል አብዛኞቻችን «በላብ ወጣ» ወይም «ወደ ሙቀት ተለወጠ» እንላለን። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 10 ኪሎ ስብ በሰውነት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፍንጫ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ሰው የሚከሳው በትንፋሹ ነው። ይህን የሰማን ቀን ከመካከላችን አንዱ በረጅሙ መተንፈስ ጀምሮ ነበር፤ ሥራ ያልጨመረ ሰው ትንፋሹን ቢያበዛ ራሱ ይዞርበታል እንጂ እንደማይከሳ አስረድተን አስቆምነው።

ኦክሲጅን ሲጠፋስ? ይህን ከእንጀራ ሊጥ ይበልጥ የሚያስረዳ የለም። እርሾ ከሊጡ ጋር ተደባልቆ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ፥ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረቶች ስኳሩን ያለ ኦክሲጅን ይፈታሉ። ከፊሎቹ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ሌሎቹ አሲድ ያወጣሉ። ጋዙ የእንጀራውን ዓይን ያወጣዋል፤ አሲዱ ያኮመጥጠዋል፤ አልኮሉ በምጣድ ላይ ይበንናል። ታዲያ እነዚህ ፍጥረቶች ከአንድ ግሉኮስ የሚያገኙት 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ኦክሲጅን ያለው ሴል ግን ከዚያችው ከአንዷ 30 ወይም 32 ያህል ያወጣል። (በአሮጌ መጻሕፍት 36 ወይም 38 የሚል ታገኛላችሁ፤ ቆጠራው ኋላ ስለተስተካከለ አትደናገጡ፤ መምህራችሁ የትኛውን እንደሚይዙ ግን ከፈተናው በፊት ጠይቁ።)

ስለ ሴል ሽፋንና ስለ ኦስሞሲስ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን ጨው የሚነሰነስበት ለምን እንደሆነ፥ በጨዉም ላይ ያረፈች ባክቴሪያ ምን እንደሚደርስባት ማስረዳት የቻለ ሰው ያንን ምዕራፍ አውቆታል። የሴል ክፍሎችንም ቢሆን ሥራቸውን ሳያውቁ ስማቸውን መደርደር ጊዜ ማባከን ነው።

«ዘር» እና «ደም» ግን ብዙ ያነጋግራሉ። በቋንቋችን ውርስ በደም ነው የሚሄደው፤ «ደሙ ነው የጠራው»፥ «የሥጋና የደም ዝምድና» እንላለን። በባዮሎጂ ዓይን ሲታይ ከዚህ የበለጠ የተገለበጠ አነጋገር የለም። በደማችን ውስጥ እጅግ የሚበዛው ሴል ቀዩ ነው፤ የሰው ቀይ የደም ሴል ደግሞ ሲበስል ኑክሊየሱን አውጥቶ ስለሚጥል የውርስ ጽሑፍ የሌለው ነው። ለምርመራ ከደም ዲኤንኤ የሚወሰደው ከነጮቹ ሴሎች ነው። እናት ለልጇ ደሟን አትሰጥም፤ የሁለቱ ደም በእንግዴ ልጅ ውስጥ ጎን ለጎን ያልፋል እንጂ በደንቡ አይቀላቀልም። የምትሰጠው 23 ክሮሞሶም ነው፤ አባትም 23።

«ዘር» ደግሞ ይብሳል። በአንድ ቃል የሚዘራውን እህል፥ የወንድን ዘር፥ ትውልድንና ጎሣን ሁሉ እንጠራበታለን። ከዚህም የተነሣ አባት ዘሪ፥ እናት እርሻ የሆነች ይመስለናል። ነገር ግን በእጃችን የያዝነው የባቄላ ፍሬ ከወንዴውም ከሴቴውም ወገን ግማሽ ግማሽ ተቀብሎ አስቀድሞ የተፀነሰ ሽል ነው። ከወንድ የሚመጣው ሴል የሚመሳሰለው ከአበባው ብናኝ ጋር ነው እንጂ ከፍሬው ጋር አይደለም። እንዲያውም እናት ከክሮሞሶሞቿ ሌላ ሚቶኮንድሪያን ከነዲኤንኤው የምትሰጠው እርሷ ስለሆነች ድርሻዋ ትንሽ ይበልጣል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ማይቶሲስና ሚዮሲስ ሁሉንም ተማሪ ያደናግራል። ደረጃዎቹ በስም ስለሚመሳሰሉ ብዙዎች በሥዕል ብቻ ለመለየት ይሞክራሉ። እኛን የረዳን የእንሰትና የቡና ነገር ነው። ገበሬው እንሰት ሲያባዛ ዘር አይዘራም። የአንዱን እንሰት ሥር ቆርጦ፥ መካከለኛውን ቡቃያ አውጥቶ ይቀብረዋል፤ ከዚያ ብዙ ችግኝ በዙሪያው ይበቅላል። ይህ ሁሉ የማይቶሲስ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ችግኝ የእናቱ ቅጂ ነው፤ ገበሬው መልካም ሆኖ ያገኘውን ዓይነት በስሙ እየጠራ ለልጅ ልጁ ሳይለወጥ የሚያስተላልፈው ስለዚህ ነው። ቡና ግን በፍሬው ይተከላል። በቡናው ቅጠል ሴል ውስጥ 44 ክሮሞሶም አለ፤ በአበባው ብናኝ ውስጥ 22። ይህ ግማሽ መሆን የሚዮሲስ ሥራ ነው። ግማሽ ባይሆን ኖሮ በሚቀጥለው ትውልድ 88፥ ከዚያም 176 እየሆነ ይሄድ ነበር። ሲገመስም ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ለጥንድ ተገናኝተው ቁራጭ ስለሚለዋወጡ የሚወጣው ብናኝ አንዱ ከሌላው ሊለይ ይችላል።

ቅጂ መሆን ዋጋ ያስከፍላል። በ1968 እ.ኤ.አ. በአገራችን ተለይቶ የተጻፈው እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ አንዱን ተክል ከጣለ፥ በአጠገቡ ያለው ቅጂም ያንኑ ደካማ ጎን ይዞ ቆሟል። በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት እንሰት ደባልቆ መትከል ልማድ ብቻ ሆኖ የሚታየው ሰው ይህን ምዕራፍ እንደገና ያንብብ።

በመጨረሻ የተውነው «መላመድ» ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ ምክንያቱም በሽታን ያስከትላል። መድኃኒት የማያጠፋውን የሳንባ ነቀርሳ «መድኃኒቱን የተላመደ» እንለዋለን። ይህ ሲባል ባክቴሪያው እንደ ሰው መራራ እየቀመሰ እየለመደ የሄደ ይመስላል። በዚህ አሳብ የያዘው ሰው ዝግመተ ለውጥን በሙሉ ይስተዋል። አንዲቱ ባክቴሪያ አትለምድም፤ ትሞታለች። ቀድሞውኑ በአጋጣሚ ለውጥ የነበራት ሌላይቱ ትተርፋለች፤ በባዶው ሜዳ የምትራባውም እርሷ ናት።

ለውጡ ከአደጋው በፊት እንደነበረ በምን ይታወቃል? ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ሙከራ ስለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ሁሉ የምንወደው እርሱን ነው። ባክቴሪያን በብዙ ቱቦዎች ለየብቻ ካሳደጉ በኋላ፥ የእያንዳንዱን ቱቦ ባክቴሪያ ገዳይ ቫይረስ በተቀባበት ሣህን ላይ አፈሰሱት። ባክቴሪያዎቹ መቋቋምን የሚማሩት ቫይረሱን ሲያገኙ ቢሆን ኖሮ፥ ከየቱቦው የሚተርፉት ቁጥራቸው ተቀራራቢ በሆነ ነበር። የሆነው ግን በብዙዎቹ ሣህኖች ላይ ምንም ወይም ጥቂት፥ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ እጅግ ብዙ ተገኘ። በአንዱ ቱቦ ለውጡ ቀደም ብሎ በአጋጣሚ ደርሶ፥ ያ አንዱ ልጅና የልጅ ልጅ አፍርቶ ቆይቷል ማለት ነው። ቫይረሱ መረጠ እንጂ አላስተማረም።

ይህ የሣህን ላይ ጨዋታ አይደለም። በአገራችን ለወባ ይሰጥ የነበረው ክሎሮኪን ፋልሲፓረም የተባለውን ዓይነት ማዳን ስላቃተው በ1998 እ.ኤ.አ. በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ያም በስድስት ዓመት ውስጥ ደክሞ በ2004 እንደገና ተለወጠ። መድኃኒቱን ጀምሮ መሐል ላይ ማቋረጥ በተለይ በሳንባ ነቀርሳ ስለምን እንደሚያሠጋም ከዚሁ ይገኛል። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም «ሰውነቴ እንዳይለምደው» ብሎ የስድስት ወሩን ክኒን በሁለተኛው ወር ተወው። የሚለምደው ሰውነቱ መስሎት ነበር። ሕመሙ ተመልሶ መጣበት፤ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው እጅግ ረዘመ። ስለዚህ ቃል አጥብቀን የምንከራከረው ለነጥብ ብለን ብቻ አይደለም።

እውነተኛ መላመድም አለ። ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ጓደኛችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ ያለከልክ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ተወው። ኩላሊት በላከው ሆርሞን ቀይ የደም ሴሎቹ ስለበዙለት ነው። ወደ ቆላ ሲመለስ ይቀንሳል፤ ለልጁም አያወርሰውም። ነገር ግን ሲንቲያ ቢልና ጓደኞቿ በሰሜን ተራራ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ባላገሮችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ፥ የእነዚያ ሰዎች ሄሞግሎቢን በቆላ እንደሚኖር ሰው ሆኖ መገኘቱን ይናገራል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ያሉት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ሰው ዕድሜ የሆነ ነው፤ የኋለኛው ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት በብዙ ትውልድ ምርጫ የመጣ ነው። ሁለቱንም «ለመዱት» ብለን ካለፍን ምንም አልተማርንም።

አሁን በክፍላችን የምናጠናው እንዲህ ነው። አንዱ ደብተሩን ዘግቶ ያስረዳል፤ የቀሩት ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል፤ «ከየት መጣ?» እና «ወዴት ሄደ?» የሚሉ። በአማርኛ ወይም በየቤቱ ቋንቋ ካስረዳ በኋላ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ፈተናው በዚያ ነውና። ከቤት የመጣ ቃል በተናገረ ቁጥር እጅ እናነሣለን። መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ አንድ ምሽት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ግን ምዕራፍ እንጨርሳለን።

ለዛሬ ማታ የሚሆኑ ጥያቄዎች እነሆ። መልሱን ያገኘ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። እንጀራ ጋጋሪዋ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን በፈላ ውኃ አብስላ አብሲት አድርጋ ትመልሳለች፤ ሁሉንም አብስላ ብትመልስ ምን ይጠፋ ነበር? በድንች ወጥ ውስጥ በትንሹ የተከተፈው ድንች ፈጥኖ የሚበስለው ለምንድን ነው፥ ይህስ ሴል ትንሽ ከመሆኑ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጠላ ጠማቂዋስ አሻሮውን በምጣድ ቆልታ ብቅሉን በፀሐይ ብቻ የምታደርቀው ስለ ምንድን ነው?